ፊቷን ያዞረችው ጎጆ

ከድሩ ቡራዩ ውስጥ የእንጨት መሸጫና የአናጢነት ቤት ያለው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሌላ ሰው አስቦ ያዘዘውን ነበር፤ በር ሲሉት በር፣ አልጋ ሲሉት አልጋ፣ የጣሪያ ማገር ሲሉት ማገር። ሃምሳ ሊሞላው ሲል ግን ራሱ አስቦ፣ ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ያቆመው አንድ ነገር አገኘ። እሱም ሱሉልታ ጨፌ ላይ የሠራት የወፍ መመልከቻ ጎጆ ናት።

ሥራውን ያመጣችለት ናዝራዊት የምትባል ወጣት ናት። ከወላጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ወጥታ ሱሉልታ ኪራይ ቤት የገባች፣ ስለ አእዋፍ የተማረች፣ ለአንድ የወፍ ወዳጆች ማኅበር የምትሠራ ልጅ ናት። ማኅበሩ ሰዎች ተቀምጠው ወፎቹን ሳያስደነግጡ የሚያዩበት ቤት ፈልጎ ነበር። ናዝራዊት የጠየቀቻቸው ሠራተኞች ሁሉ ሲሚንቶና ብረት አሏት። ረግረግ ላይ ሲሚንቶ ከፈሰሰ ደግሞ ውሃው መሄጃውን ያጣል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ወፎቹም ጥለው ይሄዳሉ። ከድሩ ብቻ፣ “እስቲ መጀመሪያ ቦታውን ልየው” አላት።

ክረምቱን እየተመላለሰ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ፣ ከየት ቀድሞ እንደሚሸሽ አየ። በጋው ሲገባ ከጫንጮ በኩል ባህር ዛፍ አስጭኖ አመጣ። የአካባቢው አናጢ ቋሚ እንጨት እንዳይበሰብስ እግሩን በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይነክራል፤ ከድሩ ዘይቱ ውሃ ውስጥ ይገባል ብሎ እግሩን በእሳት ለበለበው። ቋሚዎቹን እሱና አብሮት የሚሠራው ዲሪርሳ በጉልበታቸው በመዶሻ እየመቱ መሬት ውስጥ ሰደዷቸው። ወለሉን ውሃ በሥሩ እንዲያልፍ ከፍ አደረጉት፤ ከታች ያለው ሣር ብርሃን እንዳያጣ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ተዉ። በምስማር ፈንታ ሁሉም በብሎን ታሰረ።

“ይሄ ሁሉ ብሎን ምን ያደርጋል?” አለ ዲሪርሳ።

“አንድ ቀን ትነሳ ቢባል መሬቱን ሳታቆስል እንድትነሳ ነው” አለው ከድሩ።

የጎጆዋ የፊት ግድግዳ ላይ፣ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ዓይን በሚመች ከፍታ፣ ቀጭን ክፍተት ከዳር እስከ ዳር አግድም ሄዷል። ከውጭ ሲያዩት ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ከውስጥ ግን ጨፌው እንዳለ ይታያል። ሥራው ባለቀ ማግስት ከድሩ ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ። አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጥላ እንደ ሰነፍ የምትራመድ ዝይ ከነጫጩቶቿ በፊቱ አለፈች። ጋጋኖዎች ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ ይሰካሉ። አንዷም ቀና ብላ አላየችውም። ማታ ለሚስቱ ለሃዋ ሲነግራት፣ “የሌለሁ ያህል ነበር” አላት። “ዓለም እኔ ሳልኖር ምን እንደምትመስል አየሁ።”

ሃዋ የባሏን ፊት አይታ ደስ አላት። እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

ጎጆዋ ሥራ ከጀመረች ብዙም ሳትቆይ አንድ ጠዋት ክፍተቷ በጭቃ ተለስኖ ተገኘ። ከድሩ፣ መንደር ውስጥ የሚሮጡ ልጆች የሠሩት መስሎት ሳቀ፤ በእንጨት ፋቀው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ሄደ። በሳምንቱ እንደገና ተለሰነ። ይኼኛው የልጅ ሥራ አይመስልም፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቷል፣ በእጅ መዳፍ ተስተካክሎ ተመርጓል፤ ቤት መለሰን የሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ከድሩ ተናደደ። ጎጆዋን የነካ እሱን የነካው መሰለው። ዲሪርሳን ሱቅ ላይ ትቶ ከቡራዩ በታክሲ ወደ ሱሉልታ እየመጣ ይጠብቅ ጀመር። ብዙ አልጠበቀም። ፀሐይ ከፍ ባለች ጊዜ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ በአንድ እጃቸው ማጭድ፣ በሌላው በጭቃ የተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው፣ እሱ ባበጀው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ዝግ ብለው መጡ። ሳይደበቁ፣ ሳይጣደፉ ባልዲውን አስቀምጠው ግድግዳውን መምረግ ጀመሩ።

ከድሩ ከጎጆዋ ጎን ብቅ አለ። “እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩት። “እየደፈንኩ ነዋ። አታይም?”

“እኔ እኮ ነኝ የሠራኋት። ከድሩ እባላለሁ።”

“እኔ ሙሉነሽ እባላለሁ” አሉት። “ቄጠማ ነው የማጭደው። ከእነዚያ ጋር።” በማጭዳቸው ወደ ሩቅ አመለከቱ። የሚያመለክቱበት ቦታ ላይ ግን ማንም አልነበረም። “ማለቴ እዚህ ነበር የምናጭደው። አሁን ከባህር ዛፉ ወዲያ ሄደናል።”

ከድሩ አስታወሰ። ክረምት ሲመላለስ እነዚያን ሴቶች በየጊዜው ያያቸው ነበር፤ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ለበዓል የሚነጠፍ ቄጠማ እያጨዱ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዳንዴም እያንጎራጎሩ። ሰሞኑን እንዳላያቸው ልብ ብሎ ነበር። እንዲያውም ለወፎቹ ጸጥታ ሆነ ብሎ በልቡ ደስ ብሎት ነበር።

“ለምን ሄዳችሁ?” አላቸው።

“ይቺ እያየችን” አሉ ሙሉነሽ፣ ጥቁሩን መስመር በጭቃ ጣታቸው እየነኩ። “ማን አለ ውስጥ? ሂን ቤኩ፤ አላውቅም። ወንድ ይኑር፣ ሴት ይኑር፣ ባዶ ይሁን አላውቅም። እኛ እዚያ ልብሳችንን ሰብስበን ነው የምንሠራው። ሲደክመን እንታጠባለን። ሽንት ይይዘናል።”

“ማኅበሩ የሚያመጣቸው ሰዎች የተከበሩ ናቸው፣ እማማ። የሚያዩት ወፍ ነው። እናንተን ማን ያያል?”

ሙሉነሽ አልተቆጡም። ይሄ ነው ከድሩን በኋላ ያስቸገረው፤ ቢቆጡ ኖሮ መልስ ነበረው። “ያየናል አላልኩም” አሉት። “አላውቅም ነው ያልኩት።” ከዚያ ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ከድሩ ጭቃውን ጠረገ። ጠርጎም ስላልበረደለት ወደ ናዝራዊት ሄዶ ለቀበሌ እንዲነገር፣ ጥበቃ እንዲቆም ጠየቃት። ናዝራዊት ለፋሲካ ማግስት እንግዶች ስለተጠሩ ነገሩ እንዳይካረር ፈራች። “ጋሽ ከድሩ፣ ትንሽ እንታገሥ። ይለምዱታል” አለችው። እሱም ይለምዱታል ብሎ ሊያምን ሞከረ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሰሞን፣ ቄጠማ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ከድሩና ዲሪርሳ መተላለፊያው ላይ የላላ ብሎን እያጠበቁ ሳለ ከባህር ዛፉ ወዲያ ጩኸት ሰሙ። ሮጡ። ከዛፎቹ ወዲያ ያለው መሬት ድሮ ለጡብ ሥራ አፈር የወጣበት ነው፤ ጉድጓዶቹን ውሃና ሣር ሸፍኗቸዋል። ዕድላዊት የምትባል፣ ከአጫጆቹ መካከል በዕድሜ ትንሿ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰብሯል። ሴቶቹ አውጥተዋታል፤ ግን ከዚያ ጭቃ ማሻገሪያ አጥተው ከበዋት ቆመዋል። ሙሉነሽ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ያብሳሉ።

ከድሩ ወደ ጎጆዋ ተመልሶ በእጁ ባለው የብሎን መፍቻ የበሯን ብሎኖች ፈታና በሩን ነቅሎ መጣ። ዕድላዊትን በሩ ላይ አጋደሟት፤ እሱና ዲሪርሳ ከፊትና ከኋላ፣ ሴቶቹ በጎንና ጎን ይዘው፣ እየሰመጡ እየወጡ መንገድ አደረሷት። ባጃጅ ውስጥ ልትቀመጥ ስላልቻለች አንድ ኩንታል የጫነ ፒክአፕ አስቁመው በሩ ላይ እንደተጋደመች ከኋላ ጫኗት።

መኪናው ሲሄድ ከድሩ ከሙሉነሽ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ቀረ። አንድ ነገር እንዲሉት ጠበቀ። ለምን እዚያ እንደሄዱ ያውቃል፤ እሳቸውም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ሙሉነሽ ግን በጭቃ የተለወሰ እጁን አይተው፣ “ተጎዳህ? እጅህ ይደማል” ብቻ አሉት። ጣቱን ብሎን ቆርጦት ነበር፤ ራሱም አላወቀም።

ያን ማታ እራቱን ትቶ ተነሳ። ሃዋ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከጭቃው ጀምሮ እስከ ዕድላዊት ድረስ ነገራት። የጠበቀው “አንተ ምን አጠፋህ?” እንድትለው ነበር። ሃዋ ግን ሰምታ ስትጨርስ፣ “ነገ ልጅቷን እንጠይቃት። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ወተትና ብርቱካን እንያዝ” አለችው።

በማግስቱ ዕድላዊትን ሊጠይቁ ሄዱ። እግሯ በጀሶ ታስሮ፣ እናቷ ቤት ተኝታ አገኟት። ከድሩን ስታይ ለመነሳት ሞከረች። “ጋሼ፣ በርዎን አበላሸሁት፤ ደም ነካው” አለችው። ከድሩ ወተቱንና ብርቱካኑን ለእናቷ አቀበለ። ሃዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት፤ ቶሎ ተዋደዱ።

ሲወጡ ሃዋ፣ “እስቲ ይቺን ጎጆህን አሳየኝ” አለችው። እስከዚያ ቀን በዓይኗ አላየቻትም ነበር። የተሳፈሩበትን ባጃጅ መንገድ ዳር አስቁመው በመተላለፊያው ሄዱ። ሃዋ በር በሌላት ጎጆ ገብታ ተቀመጠች፣ በክፍተቱ አየች፣ ጣውላውን በእጇ ዳበሰች። “ቆንጆ ናት፣ ከድሩ” አለች ከልቧ። “እውነትም የሌሉ ያህል ነው።” ከዚያ ሰዓቷን አየች። “የዙህር ሶላት ደርሷል። ውዱእ አድርግ።”

“እዚህ?”

“ውሃው እዚህ አይደል? እኔ እዚህ ልረፍ፤ እግሬን ደክሞኛል።”

ከድሩ ከጎጆዋ ፊት ለፊት ወደሚፈሰው ንጹሕ ውሃ ወረደ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ኮፍያውን ድንጋይ ላይ አኖረ። ከሶላት በፊት ዕድሜውን ሙሉ በየደረሰበት ያደረገው ነገር ነው፤ መስጊድ ደጅ፣ መናኸሪያ፣ የሰው ግቢ ቧንቧ ሥር። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ። ፊቱን ሲታጠብ ግን ማጅራቱ ላይ የሆነ ነገር ተሰማው። ዞር አለ። ጥቁሩ መስመር ብቻ ነው ያለው።

“ሃዋ” አለ።

መልስ የለም። ሚስቱ ናት፤ ሌላ ሰው የለም፤ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ራሰ በራው፣ የቀጠኑት ባቶቹ፣ የተጠቀለለው ሱሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አሉት። ክንዱን ሲታጠብ ተጣደፈ። “ሃዋ፣ አለሽ?” አለ እንደገና። ዝም። እግሩን ሲያነሳ ሚዛኑን ስቶ ሊወድቅ ነበር። ቅደም ተከተሉ ጠፍቶት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በሁለተኛውም ዓይኑን ከመስመሩ ላይ ማንሳት አልቻለም። መጨረሻ ላይ ውሃው ከፊቱ ሳይደርቅ ጫማውን ይዞ ወጣ።

ጎጆዋ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሃዋ ሩቅ፣ መንገዱ ዳር፣ ከባጃጅ ነጂው ጋር እያወራች ነው።

“መቼ ሄድሽ?” አላት ሲደርስባት።

“ገና ኮፍያህን ስታወልቅ” አለች። “አንተ ስትታጠብ ማየት ምኑ ብርቅ ነው?”

ከድሩ ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። ሱሉልታ መስጊድ ሄዶ፣ ውዱእውን አድሶ ሰገደ። ወደ ቡራዩ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ናዝራዊት ዘንድ ሄዶ ጎጆዋን እንደሚያነሳት ነገራት። ናዝራዊት ደነገጠች። እንግዶቹ ሊመጡ ነው፤ ዝዮቹ የሚወጡት በዚያ በኩል ነው፤ ከዚያ የተሻለ እይታ የለም። “ሰሌዳ እንስቀል። ሰዓት እንወስን። ሴቶቹ ጠዋት፣ ተመልካቾቹ ከሰዓት ይግቡ” አለችው።

“ውስጥ ሰው መኖሩን በሰሌዳ አያውቁም” አላት። የውዱእውን ነገር ነገራት፤ ሲነግራት አፈረ፤ ግን ነገራት።

“እኔም ሴት ነኝ” አለች ናዝራዊት። “ስንት ጠዋት እዚያ ተቀምጫለሁ። እነሱም አንዳንዴ በፊቴ ያልፉ ነበር። ለእነሱ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አልታየኝም።” ለማኅበሩ ሰብሳቢ ስልክ ልትደውል ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሰብሳቢው ብዙ ተናግሯታል። “እናንሳት” አለች ብቻ።

ከድሩ ያን ዕለት የሙሉነሽን ቤት ጠይቆ ሄደ። አጥራቸው ሥር ቄጠማ እየቋጠሩ አገኛቸው። በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፣ የዕድላዊትን ጤና ተጠያየቁ፣ ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። “ጎጆዋን ላነሳት ነው። የት ላድርጋት?”

“ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ? አዋቂው አንተ አይደለህ?”

“ውሃውን ጠይቄዋለሁ፣ መሬቱን ጠይቄዋለሁ። እናንተን አልጠየቅሁም።”

ሙሉነሽ የያዙትን ቋጠሮ ጨርሰው ተነሱ። ወደ ጨፌው መሩት። በሰሜን በኩል፣ አንዲት የተጎሳቆለች ወይራ ካለችበት ጉብታ አጠገብ ቆሙ። “እዚህ። ጀርባዋን ለእኛ፣ ፊቷን ወዲያ ለውሃው።”

ከድሩ ቦታውን አየ። ረዥሙ ሣር የሚያልቅበት ነው፤ ከፊት ያለው ውሃ ጠባብ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ተመልካቹን ዓይኑ ላይ ትመታዋለች። የተሻለ ቦታ አይደለም። “ይሁን” አለ። “ክዳኗን ወደፊት አስረዝመዋለሁ።”

“ከኋላ ክፍት ተዋት፤ ማን እንደገባ እንድናይ” አሉት።

“እሱን አልችልም፣ እማማ። ከኋላ ብርሃን ከገባ ወፏ የሰውን ጥላ ታየዋለች። አንዲትም አትቀርብም።”

ሙሉነሽ አሰቡበት። “እንግዲያው ሰው ሲኖር በምን አውቃለሁ?”

ሁለቱም ወይራዋ ሥር ቆመው ተከራከሩ። ደወል ይሰቀል አሉት፤ ወፍ ያባርራል አላቸው። ቁልፍ ለእርስዎ ልስጥ አላቸው፤ ዘበኛ አይደለሁም አሉት። በመጨረሻ በስተኋላዋ ረዥም ቀርከሃ ሊቆም፣ የገባ ሰው ነጭ ጨርቅ ሊሰቅልበት፣ ሲወጣ ሊያወርድ ተስማሙ። ጎጆዋ ራሷ ስለምትከልለው ከፊት ያሉት ወፎች ጨርቁን አያዩትም።

ከድሩና ዲሪርሳ ብሎኖቹን ፈትተው፣ ጣውላውን በትከሻ ተሸክመው፣ ቋሚዎቹን እየነቀነቁ ነቀሏቸው። ቋሚው ሲወጣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ወዲያው ይዘጋ ነበር። ዲሪርሳ እየሠራ አጉረመረመ፤ ሁለት ጊዜ የተሠራ ቤት ሰምቶ አያውቅም። ከድሩ ግን ሲያፈርሳት የፈራውን ያህል አላዘነላትም። ከአጫጆቹ ሁለቱ ሳይጠሩ መጥተው ጣውላ አቀበሏቸው። ሙሉነሽ ራቅ ብለው ሥራቸውን እየሠሩ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብለው ያያሉ።

እንግዶቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ከዝዮቹ ጥቂት ብቻ አዩ፤ ሰብሳቢውም ቅር እንዳለው አልደበቀም። ማኅበሩ ሰበታ በኩል ሁለተኛ ጎጆ ከድሩን ሊያሠራ አስቦ ነበር፤ እሱም ተንጠልጥሎ ቀረ። በአንጻሩ ከወይራዋ ሥር፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች በሣር ውስጥ የምትሽሎከለክ ቀላ ያለች ወፍ እየተደጋገመች ትታይ ጀመር፤ ናዝራዊት እሷን ለማየት ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። አጫጆቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል። ዕድላዊት ጀሶዋ ተፈትቶላታል፤ ለጊዜው ዳር ላይ ተቀምጣ ቄጠማ ትቋጥራለች።

አንድ ቀን ከድሩና ናዝራዊት ጨርቁን ሰቅለው ገቡ። ቀይዋ ወፍ ከነጫጩቶቿ ወጥታ፣ ሊነኳት የሚችሉ ያህል ቀርባ ትለቃቅማለች። ናዝራዊት አቅራቢ መነጽሯን እንኳ አላነሳችም። ይህን ጊዜ ከኋላቸው፣ ከሩቅ፣ የሙሉነሽ ድምፅ መጣ።

“ኤኙ? ማነው ያለው?”

ጨርቁን አይተዋል፤ ሰው እንዳለ ያውቃሉ። አሁን የፈለጉት ማን እንደሆነ ነው። ናዝራዊት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ከድሩን በልመና አየችው። ወፏ አንገቷን አቅንታ ቆማለች።

“እኔ ነኝ፣ ከድሩ!” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ናዝራዊትም አለች።”

ወፏ ጫጩቶቿን እየመራች ሣሩ ውስጥ ጠፋች፤ ከውሃው ማዶ የነበሩት ጋጋኖዎችም እየጮኹ ተነሡ። ናዝራዊት በረዥሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

“እሺ” አሉ ሙሉነሽ ከወዲያ። ጥቂት ቆይቶ ሴቶቹ ሲያንጎራጉሩ ተሰማ። ከድሩ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ወፏ እስክትመለስ እነሱን እየሰማ ተቀመጠ።